ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ከዓራድ ቁልቁል ስወርድ፣ ጆሮዬ በግፊት ሲደፈን፣
ባሕሩ ከታች ይታያል፣ በራሱ ጨው ሲከፈን፤
"ሙት" ብለው የጠሩት፣
በየዓመቱ ሲሸሽ በሜትር የሸኙት።

ውኃው ጥሎት በሄደው ዳር፣ ከሥር ጨዉ ይሟሟል፤
ጨው ሲሟሟ ዋሻ ይሆናል፤ ዋሻው ጣሪያውን ይበላል፤
ከዚያ አንድ ቀን ላይኛው፣ ቴምር የቆመበት፣ ጎማ ያለፈበት፣
ይከዳል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በጠራራ ሰዓት።

እኔ ግን ቆፋሪ አይደለሁም።
ማራገቢያ በሚያጓራበት ክፍል፣ መስኮት በሌለበት፣
ይህን ሸለቆ በቁጥር ሠርቼ አኖርኩት፤
ጨዉን ቀመር አድርጌ፣ ሸክላውን ቀመር አድርጌ፣
አርባ ዓመቱን በአንድ ሌሊት እንደ እርሾ አሳድጌ፣
አሥር ሺህ ጊዜ አፈረስኩት።
አሥር ሺህ ጊዜ፣ ጠዋት፣ እንደነበረ አገኘሁት።

ባማርኛ ስተረጉመው "አስመሳይ" ነው መሣሪያዬ፤
ይህ ስድብ ነው በእኛ ሠፈር፤ ሰው አልዳረበትም ጎረቤቴ ቢሰማ፣ ዘመዴ፣ አክስቴ፣ አባዬ።
ግን የኔው አስመሳይ
አይዋሽም፤ እውነትም አይናገር፤ ያልሆነውን ሆኖ የሚያሳይ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአሥሩ ሺህ ውድቀት ስድስት ሺህ መቶው
አንድ ቦታ ጠቆሙ፦ ዓይንጋዲ፣ የፒንሐስ ቴምር፣ ሰባተኛው ተርታ፣ ከቧንቧው ማዶ ያለው።

ወረድኩ ልነግረው።
ፒንሐስ፣ ጉልበቱ ቴምር ሲወጣ ሲወርድ ያለቀ፣
መሬቱን በብረት ዘንግ መታ፤ ጆሮውን ሰጠ፤ ሳቀ።
"ስሚ! ባዶ ነገር እንዲህ አይጮህም።
ሠላሳ ዓመት ረግጫታለሁ፤ ይህች አፈር ዋሽታኝ አታውቅም።
አንቺስ መቼ አየሽው?"
"አላየሁትም።"
"ታዲያ ማን አየው?"

ዓይን በሚባል ቦታ ቆሜ
"ማንም" አልኩ፤ ከበደኝ የገዛ ድምፄ።

ድሮ ማወቅ እጅ ነበረው፣ ጭቃ የነካ ጥፍር ነበረው፤
መነጽሩ ቢረዝም እንኳ ጫፉ ላይ ኮከብ ነበረ፣ ማንም ያልሠራው።
አሁን እኔ በማይበት ጫፍ ላይ
የምትበራዋን ራሴ ለኩሻለሁ፤ ከዚያ "ምን ይሆን?" ብዬ እጠይቃታለሁ፣ እንደ እንግዳ፣ ከላይ።
የሚገርመው ግን ትመልሳለች፤
እኔ ያልነገርኳትን ትነግረኛለች።

ማታ ከኪርያት ማላኺ እናቴ ደወለች።
"ምን ሠራሽ?"
"ጉድጓድ አለ አልኩ፣ ከሰው ቴምር ሥር።"
"በዓይንሽ አየሽው?"
"ኮምፒውተሩ አለ።"
ዝም አለች፤ ቀጥላ፣
"አለ? ወይስ አለ?" አንዱን አጥብቃ፣ አንዱን አላልታ።

ፊደላችን ለሁለቱ አንድ ቀሚስ ነው የሰፋላቸው፤
ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ሲላላ የሰው አፍ ነው፤
ወረቀት ላይ ምልክት የለው፣
የሚፈርደው አንባቢው ነው።

ሪፖርቱ ግን በዕብራይስጥ ነው፤ በዕብራይስጥ "ዬሽ" ይባላል፤
አይላላም፣ አይጠብቅም፤ ብቻውን ደረቱን ነፍቶ ይቆማል።
ጻፍኩት። ሰረዝኩት። "ይችላል" ጨመርኩበት።
ስድሳ አንድ በመቶ የሚል ቁጥር እንደ ምርኩዝ አስያዝኩት።
ሲነጋ ላክሁት።

ይኸው ስምንት ወር አለፈ። አልወደቀም።
ፒንሐስም አላመነም።
ግን ሰማያዊ ገመድ ዘርግቷል በሰባተኛው ተርታ ዙሪያ፤
ሠራተኞቹ ቅርጫት ይዘው ይዞሩታል፣ እንደ ሬሳ፣ እንደ ጎሬ፣ በዚያ በዚያ፤
እግራቸው በአሸዋው ላይ ቀስት የመሰለ መንገድ አውጥቷል፤
ያልተከፈተ ጉድጓድ ዳር አለው፤ ሰው ይለየዋል።

ከገመዱ ወዲያ ማንም ስለማይለቅም፣
ቴምሩ በራሱ ጊዜ በስሎ ይወርዳል፣ ጠብ፣ ጠብ፣
መሬቱም፣ እስካሁን፣ ይቀበላል።